ጋቢና የተቀመጥኩባቸው እሁዶች

ባለፈው ሐሙስ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ሴቨን ኮርነርስ፣ ቅመማ ቅመም ከምገዛበት ሱቅ ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ መነጽሬን ስፈልግ አንዲት ሴት መስኮቱን በጣቷ አንኳኳች። ዝቅ አደረግኩላት። ፀጉሯ ከፊት በኩል የሸበተ፣ የሥራ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቆፍጣና ሴት ናት። መኪናዬ መስመሩን አልፎ የእሷን ቦታ እንደያዘባት በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና ነገረችኝ። "ሶሪ፣ ሶሪ" ብዬ ሞተሩን ላስነሳ ስል ጎንበስ ብላ አየችኝ፤ ደግማም አየችኝ። "እትዬ አስካለ?" አለች፣ አሁን በአማርኛ። "እርስዎ ነዎት እንዴ?"

ዝናሽ ነበረች። ካየኋት ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል፤ ከባሏ ጋር ቴክሳስ ሄደው ሲኖሩ ቆይተው የተመለሱት ባለፈው ዓመት ነው። ይህችን ሴት መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ "መስመር ማለት የጎረቤት ድንበር ነው፣ አይገፋም" እያልኩ ጆሮዋን ያደነቆርኳትም እኔው። በመስኮቱ በኩል ተሳሳምን። ስለ መስመሩ ግን ሁለተኛ አላነሳችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ከኋላዬ ሄዳ ቆመችና፣ ድሮ እኔ እንደማደርግላት እጇን እያወዛወዘች "ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ" እያለችኝ በሦስተኛው ሙከራ አስተካከልኩት። ስልክ ቁጥሬን ተቀብላ "ኮል አደርግልዎታለሁ" ብላኝ ሄደች። እኔም ልገዛ የመጣሁትን ኮረሪማ ረስቼ ባዶ እጄን ቤቴ ገባሁ።

ነገሩ የመጣብኝ በክፉ ሳምንት ነው። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ግራ ዓይኔ እየደከመ መሆኑን ሐኪሙ ከነገረኝ ቆይቷል፤ ልጄ ሶስና ያወቀችው ግን በቅርቡ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የረሳሁትን ወረቀት አንብባ ነው። ሶስና ሄርንደን ነው የምትኖረው። እዚሁ ስላደገች በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ነገሩ ሲከብዳት ብቻ አማርኛዋ ይመጣል። ማክሰኞ ዕለት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና "ማሚ፣ ኢትስ ኖት ሴፍ" አለችኝ፤ መንዳትሽ አደጋ አለው ማለቷ ነው። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የመኪናውን ቁልፍ ከእጅሽ አልቀማሽም። አንቺ ራስሽ ትሰጪኛለሽ። እስከ እሁድ አስቢበት" አለች። በአማርኛ ስትናገር ነው የደነገጥኩት። "ዓይኔ ቢደክም እግሬ መንገዱን ያውቀዋል" ብዬ ቀልጄ ሸኘኋት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ፈርቼ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንንም ሳላስፈቅድ ተነስቼ የምሄደው በዚህ ቁልፍ ነው። እሱን ከሰጠሁ መስኮት ዳር ተቀምጣ ሰው እስኪመጣላት የምትጠብቅ አሮጊት መሆኔ ነው።

ሐሙስ ማታ ታዲያ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ልቤ ወደ ድሮዋ አሌክሳንድሪያ ሄደ። መጀመሪያ እንደመጣሁ እናቴ ደውላ የት እንደምኖር ስትጠይቀኝ "አሌክሳንድሪያ" ብላት፣ "ጳጳስ ይመጣልን የነበረበት እስክንድርያ?" ብላ ጎረቤት ጠርታ እልል አስባለች፤ እኔም ደስታዋን ላለማበላሸት ዝም አልኩ። የኛዋ አሌክሳንድሪያ ጳጳስም አልነበረባትም። ከዱክ ስትሪት ገባ ብለው የተደረደሩ ቀይ የጡብ አፓርትመንቶች፣ ሳንቲም የሚበላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ሰዓቱን የማያከብር አውቶቡስ፣ ይኸው ነው። ግን ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ የኛ ሰው ነበር፤ ጨው የጎደለው በር ሳያንኳኳ ይገባል። ቤንዚን በጋሎን ከአንድ ዶላር ብዙም አይበልጥም። የአምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን ስንደውል፣ "እንዴት ናችሁ፣ ከብቱስ፣ ሰዉስ" ብለን ሳንጨርስ ያቺ የካርዷ ሴትዮ "አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል" ትለናለች። ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ከአንድ የልባሽ ልብስ መደብር የተገዛ፣ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ካፖርት ነበር የምንለብሰው፤ ከሩቅ ሲያዩን አንድ ክፍለ ጦር እንመስላለን። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚሰጥ ሱሪ፣ እግራችን ላይ የሥራ ስኒከር፣ ከላይ ነጠላ። አሁን ፎቶውን ሳየው እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ያምርብን ነበር።

እኔ ዳውንታውን አንድ ጋራዥ ውስጥ የፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ። ከአገሬ መንጃ ፈቃድ ይዘው ከመጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ስለነበርኩ፣ አዲስ አበባም የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ስለነዳሁ፣ እዚህ መሪ ለመጨበጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። ሌሎቹ ሴቶች ግን ባሎቻቸውን ነበር የሚጠብቁት። ባሎቹ አብዛኞቹ የታክሲ ሾፌሮች ናቸው፤ ሚስቶቻቸውን ማስተማር ሲጀምሩ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጩኸት፣ ሁለተኛው ላይ ኩርፊያ፣ ሦስተኛው ላይ "ከመኪናዬ ውረጂ" ይመጣል። ጎረቤቴ አንድ እሁድ አልቅሳ በእግሯ ስትመለስ አየኋትና፣ "ነይ፣ እኔ አስተምርሻለሁ፤ ሚስቱን መኪና የሚያስተምር ባል እራቱን አይበላም" አልኳት። አንዷን ባስተምር ሌላዋ መጣች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አንድ ትልቅ ገበያ ጀርባ ባለው ባዶ ፓርኪንግ ቡናማዋን አሮጌ ኮሮላዬን ሳቆም ተራ የያዙ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ይጠብቁኝ ነበር። ቁመቷ ላጠረ ትራስ አለኝ። ለፈራች ደግሞ ካሴት አለኝ፤ የትዝታ ዘፈን ዝቅ አድርጌ እከፍትላትና በዜማው ልክ መሪውን ቀስ ብላ ታዞራለች። ያ ገበያ አሁን ፈርሶ በቦታው ክሬን ቆሞበታል፤ ባለፍኩ ቁጥር የትኛው መስመር ላይ ማን የሲሚንቶ ምሰሶ እንደገጨች ትዝ ይለኛል።

የኔ ቦታ ጋቢና ነበር፣ ከነጂዋ በስተቀኝ። እዚያ በኩል ፍሬን የለም። የኔ ቀኝ እግር ግን የለም ቢሉት አይሰማም፤ ተማሪዋ በዘገየች ቁጥር ወለሉን እረግጣለሁ። ከጊዜ ብዛት የጋቢናው ምንጣፍ ልክ በተረከዜ ቅርጽ ተቦደሰ። ሴቶቹ "የእትዬ አስካለ ፍሬን" ይሉት ነበር። ገንዘብ አልቀበልም፤ ደንቤ ሌላ ነው። ፈተናውን ያለፈች ሴት እኔን ጋቢና አስቀምጣ ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በቤልትዌይ ትወስደኛለች። ቤልትዌይ ዋሽንግተንን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠመጠም አውራ ጎዳና ነው፤ መኪናው የሚከንፍበት፣ የሰፈር መንገድ የለመደች ሴት ስሙን ስትሰማ የምታማትብበት። ያንን ከነዳች ተመረቀች ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከቀድሞ ምሩቃን ጋር ምሳ ትጋብዘናለች።

ዝናሽ ባሏ ተስፋዬ ዲቪ ደርሶት ቀድሞ መጥቶ ነው ከደብረ ብርሃን ያስመጣት። ስካይላይን ከሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ ላይ፣ አሥራ ምናምነኛው ፎቅ ይኖሩ ነበር፤ በረንዳው ላይ ወጥታ አታውቅም። ጭምት ናት፣ ግን ድርቅ ያለች። ኤርፖርት ሥራ አገኘች፤ ሺፍቱ ጎህ ሳይቀድ የሚጀምር፣ አውቶቡስ የማይደርስበት። አለቃዋ "እስከ ወሩ መጨረሻ ላይሰንስ ይዘሽ ነይ" ብሏታል። ፓርኪንጉ ውስጥ ስትነዳ ከተማሪዎቼ ሁሉ የተሻለችዋ እሷ ነበረች፤ መስመር አትነካም፣ አትቸኩልም። ፈተና ገባች፤ ወደቀች። ድጋሚ ገባች፤ ወደቀች። ተስፋዬ "ለሷ አልተፈጠረም" ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለቱንም የፈተና ወረቀት አምጪ ብዬ ባየው፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ነው ምልክት የተደረገበት፤ የመሪ አያያዝ። መሪ ደግሞ ከሷ የተሻለ የሚይዝ የለም።

"ፈታኙ በወሰደሽ መንገድ ውሰጂኝ" አልኳት። ተነሳን። ቀኝ ታጠፈች፣ መብራቱን አከበረች፣ ማርሽ እንኳ አላጉረመረመም። ማዕዘኑ ላይ ነጭ ሹል ጉልላት ያለው የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን አለ። ልክ እሱ ጋ ስንደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ቀኝ እጇ መሪውን ለቀቀ፤ አማተበች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጅ ነሳች። ኮሮላዋ ወደ እግረኛ መንገዱ ዞር ስትል የኔ እግር ወለሉን ረገጠ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን አደረግኩ?"

"እጅሽን አነሳሽ፣ ዓይንሽንም ከመንገድ ላይ ነቀልሽ።"

"ተሳለምኩ እንጂ።" እኔ የማላውቀውን ነገር የምታስረዳኝ ይመስል ዞር ብላ አየችኝ። "እትዬ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ?"

"ይሄ እኮ የኛ አይደለም።"

"የእግዚአብሔርስ አይደለም?"

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሴቶቹን የማስተምረው ከገበያ ጀርባ ነው፤ እዚያ የሚሳለሙት ነገር የለም። ከተማው ውስጥ ግን ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ነዳጅ ማደያ በየማዕዘኑ ነው፤ ፈታኙ በወሰዳት መንገድ ላይ ብቻ ሦስት ቆጠርን። በዚያ መንገድ ሦስት ጊዜ እጅ የምትነሳ ሴት ጎን የተቀመጠ አሜሪካዊ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። "አትሳለሚ" አልኳት፤ አይሆንም አለች። "ሥራሽ ይቀራል" አልኳት፤ እንባዋ መጣ፣ ግን አይሆንም አለች። በማግሥቱ ንስሐ አባቴ ጋ ይዣት ሄድኩ። አባ ራሳቸው በሳምንቱ ቀናት ሆቴል የሚሠሩ፣ በቤልትዌይ የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁና፣ "ልጄ፣ መሪ ስትይዢ በልብሽ ተሳለሚ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው" አሏት። ዝናሽ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መኪና እየነዳሁ በእጄ ተሳልሜ አላውቅም፤ በልቤ ብቻ። ለተማሪዎቼም ሁሉ ከመስታወትና ከቀበቶ ቀጥሎ የማስተምረው ይሄን ሆነ። ዝናሽ በሦስተኛው አለፈች። ምልክት አንድም አልተደረገባትም።

የምርቃቷን ቀን አልረሳውም። የቀድሞ ምሩቃንና ተስፋዬ በሌላ መኪና ቀድመው ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተው ይጠብቁናል፤ ያኔ ሞባይል የሚባል ነገር የለንም። ዝናሽ ነጭ ሹራብ ለብሳ፣ ለኔም ስጦታ አዲስ የጋቢና ምንጣፍ ገዝታ መጣች። ድልድዩን ተሻገርን፣ ወንዙን አለፍን፣ ሜሪላንድ ገባን። ጆርጂያ አቬኑ የሚለው ኤግዚት፣ የቤልትዌዩ መውጫ፣ ሲቃረብ "አሁን ወደ ቀኝ ግቢ" አልኳት። በስተቀኟ የጭነት መኪና ነበር። "እትዬ፣ እሱ ይለፍ" አለች። እሱ ሲያልፍ ሌላ መጣ። ኤግዚቱ አለፈን። ትንሽ እንደሄድን ከዛፎቹ አናት ላይ አንድ ግዙፍ ነጭ ቤተ መቅደስ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባው፣ ፊት ለፊታችን ብቅ አለ። ያንን የሚያክል ሕንፃ አይታ አታውቅም። እጇን አየሁ። ሁለት እጇ ከመሪው አልተነቃነቀም፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። "በልቤ ነው" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

ከዚያ በኋላ መስመር መቀየር ስለፈራች ኤግዚቶቹ ሁሉ እያለፉን ሄዱ። ሁለተኛውን ድልድይ ተሻገርን፣ ቨርጂኒያ ተመልሰን ገባን፣ ስንት ደቂቃ እንደነዳች እንጃ፣ ከተነሳንበት አሌክሳንድሪያ ደረስን። "ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሏል ይሄ ነው፤ በይ እንግባ፣ ሌላ ቀን እንሞክራለን" አልኳት። "አይሆንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያሉኝ" ብላ ድልድዩን ድጋሚ ተሻገረች። በሁለተኛው ዙር ኤግዚቱን ወሰደችው። ምግብ ቤቱ በር ላይ ተስፋዬ ቀሚስ እንዳጣች ሙሽራ ወዲያ ወዲህ ይላል። "የት ጠፋችሁ?" ሲላት ቁልፉን ኪሷ ከትታ፣ "ከተማውን አየሁት" አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ለሷ አልተፈጠረም" ሲል አልተሰማም።

የያኔዋ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደ ዛሬዋ የመስታወት ፎቅ የተደረደረባት አይደለችም። ጆርጂያ አቬኑ ግማሹ ሱቅ በጣውላ የተመታ፣ ሲኒማ ቤቱ የተዘጋ፣ በእሁድ ከሰዓት እርግብ ብቻ የሚራመድበት ነበር። የኛ ሰው አንድ ሁለት ጠባብ ሱቅ ከፍቶ ካሴትና በርበሬ ጎን ለጎን ይሸጣል። ፌንተን ስትሪት ማዕዘን ላይ ያለው ምግብ ቤት ስድስት ጠረጴዛ ነበረው፤ ጥብሱ ስድስት ዶላር፣ ለተመረቀች ደግሞ ባለቤቱ አዋዜውን ያበዛላታል። አሁን በየበሩ የአማርኛ ጽሑፍ አለ፣ ልጆች በበጋ የሚራጩበት ፏፏቴ አለ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በራፍ ላይ በሰባ ዓመታቸው ፖለቲካ የሚከራከሩ ሽማግሌዎች አሉ። ደስ ይለኛል። ግን ሰው ሁሉ አገሬ ናፈቀችኝ ሲል እኔ የሚናፍቀኝ ያ ግማሹ የተዘጋ ጎዳና ነው፤ ከመኪና ወርደን፣ ነጠላችንን አስተካክለን የተራመድንበት።

ዓርብ ዕለት ዝናሽ ደወለች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ምሳ ልጋብዝዎት አለች። "እመጣለሁ፤ መኪና አለኝ እኮ" አልኳት። ሐሙስ የሳትኩት መስመር ትዝ ያላት መሰለኝና ፊቴ ጋለ።

"እትዬ፣ ከተመረቅኩ ወዲህ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው አያውቁም" አለች። "ሌላ ሰው ሁሉ ጎበዝ ነሽ ብሎኛል። እርስዎ እንዲያዩልኝ ነው የፈለግኩት።"

ምን ይባላል? እሺ አልኩ። ለሶስናም ደውዬ ምግብ ቤቱ እንድትመጣ ነገርኳት። "አስበሽበታል?" አለችኝ፣ በአማርኛ። "እሁድ ገና ነው" አልኳት። ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ማታ ማታ እጄን አስገብቼ እነካው ነበር።

እሁድ ዝናሽ በር ከፍታልኝ ጋቢና ገባሁ። መኪናዋ አዲስ ናት፤ ድምፅ የላትም። አነዳዷን ለማየት ብዬ ብገባም የኔ እግር እንደ ድሮው ከፊታችን ያለው መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እያየችኝ ሳይሆን መንገዱን እያየች "እትዬ፣ እግርዎን ያሳርፉ" አለችኝ። አፈርኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ። እግሬን አሳረፍኩ። ወንዙን፣ መርከቡን፣ ጨረቃ የሚያህለውን የሚሽከረከር የመዝናኛ መንኮራኩር አየሁ። ይህንን ድልድይ ስንት ዓመት ተመላልሼበት ወንዙን አይቼው አላውቅም።

ጆርጂያ አቬኑ የሚለው ምልክት መጣ። በስተቀኛችን ምንም መኪና አልነበረም። ዝናሽ ግን ቀጥ ብላ ነዳች።

"ኤግዚቱ አለፈሽ" አልኳት።

"አውቄ ነው።"

ትንሽ እንደሄድን ያ ነጭ ቤተ መቅደስ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፣ ጫፉ በፀሐይ ያበራል። በልቤ ልሳለም ስል እጆቼን አየኋቸው። ጉልበቴ ላይ ናቸው፤ ምንም አልያዙም። ይህን ሁሉ ዓመት በልቤ ብቻ ስሳለም ኖሬያለሁ፤ እጄን የሚከለክለው መሪ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞታል። ቀኝ እጄን አንስቼ፣ ሳልቸኩል፣ ከግንባሬ ጀምሬ አማተብኩ። አንገቴንም ሰበር አደረግኩ። ቀና ስል ዓይኔ ረጥቦ ነበር፤ ዝናሽ ሁለት እጇ መሪው ላይ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው።

"ለኔም ይሳለሙልኝ" አለች።

ለሷም ተሳለምኩ። ከዚያ ዙሩን ጨርሰን፣ በአሌክሳንድሪያ አልፈን፣ ድልድዩን ድጋሚ ተሻግረን ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። ሶስና በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። "ማሚ፣ ዌር ወር ዩ?" አለች። መጀመሪያ ገብተን ተቀመጥን፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ከቦርሳዬ ቁልፉን አውጥቼ ከሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ልጄ ቁልፉን አየችው እንጂ አልነካችውም። ለክርክር ተዘጋጅታ ስለመጣች ግራ ገባት።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ፣ ውሰጂው" አልኳት። "እጄን ለሌላ ነገር ፈልጌዋለሁ።"

ሶስና ዝናሽን ዞር ብላ አየቻት። ዝናሽ ሜኑውን ከፍ አድርጋ ይዛ ትስቃለች።